የጂአይኤስ ሰርተፊኬት በምን ይመረጥ? ለስድስት ምክሮች የተሰጠ ምላሽ

ሥራ ላይ ሆነው የጂአይኤስ (የቦታ መረጃን በኮምፒውተር የመተንተንና በካርታ የማሳየት ሙያ) ሰርተፊኬት መማር ለሚፈልጉ ሰዎች የተጻፈ አንድ ምክር ሰሞኑን አነበብኩ። ጸሐፊው ስድስት ነገር ይመክራሉ። ስሙ የገነነ ዩኒቨርሲቲ ምረጡ። ቀጣሪዎች የሚጠቀሙበትን አንድ ሶፍትዌር ብቻ ተማሩ። ከሁሉ አጭሩን ፕሮግራም ውሰዱ። በኢንተርኔት አትማሩ፣ ክፍል ገብታችሁ ተማሩ። በኮድ ጊዜ አታባክኑ፣ እሱን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይጽፍላችኋል። በመጨረሻም፣ ሰርተፊኬቱ እጃችሁ ሲገባ የተመሰከረላችሁ ባለሙያ ሆናችኋል ይላሉ።

ምክሩ በቅን ልብ የተጻፈ መሆኑ ያስታውቃል። አቀራረቡም ግልጽ ነው፤ ብዙ ሰው የሚከተለውም ለዚህ ይመስለኛል። ተከታታይ ትምህርት የሚማር ሰው ግን ቀን ሠርቶ ማታ የሚያጠና፣ ከራሱ ኪስ የሚከፍል፣ ከቤተሰቡ ጋር የሚያሳልፈውን ጊዜ የሚሰዋ ሰው ነው። በማይሆን መለኪያ መርጦ ከገባ ኪሳራው ቀላል አይደለም። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ እኔ ሰርተፊኬት የምመዝነው በሚያሠራው ሥራና ያንን ሥራ ቁጭ ብሎ በሚያርመው ሰው ነው። ከስድስቱ ምክሮች አንዱም ይህን አልነካም።

ስለ ዩኒቨርሲቲው ስም

ተቋሙ ትልቅ ከሆነ ትምህርቱም ጥሩ ነው የሚለው ግምት ለመደበኛ ዲግሪ ጥቂት ሊሠራ ይችላል። ለተከታታይ ትምህርት ግን ውሃ አያነሳም። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የተከታታይ ትምህርት ክፍሉ ከጂኦግራፊ ትምህርት ክፍሉ የተለየ የራሱ አስተዳደር አለው። አስተማሪው ለአንድ ኮርስ ብቻ በኮንትራት የመጣ ሊሆን ይችላል። ይህ በራሱ ነውር የለውም። እንዲያውም ቀን ቀን ካርታ ሲሠራ የሚውል ሰው ማታ ሲያስተምር የሚሰጠው ነገር ከመጽሐፍ አይገኝም። አንዳንዴ ግን ዩኒቨርሲቲው ስሙን ብቻ ያውስና ትምህርቱን የሚያዘጋጀውም የሚሰጠውም ሌላ የግል ድርጅት ይሆናል። ወረቀቱ ላይ ያለው ማኅተም ይህን አይነግራችሁም።

ከስሙ በፊት መጠየቅ ያለበት ኮርሶቹ ክሬዲት አላቸው ወይ የሚለው ነው። ክሬዲት ካላቸው ትራንስክሪፕት ይወጣላቸዋል። ነገ ማስተርስ ብትቀጥሉ ሊያዝላችሁም ይችላል፤ ግን የሚያዘው ስንቱ እንደሆነና በየትኛው ተቋም እንደሆነ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ክሬዲት ከሌላቸው የምታገኙት መጨረሳችሁን የሚገልጽ ወረቀት ነው። ማስተርስ ለማያስብ ሰው ይህ ይበቃው ይሆናል፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ክፉው ነገር የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ ከፍሎ መግባት ነው።

ስለ ሶፍትዌር

ሁለተኛው ምክር ግማሹ ልክ ነው። አንድ ሶፍትዌር እንኳ በደንብ ያልያዘ ሰው ሥራ ላይ ይቸገራል። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ኤስሪ የተባለው ኩባንያ የሚሠራውን አርክጂአይኤስ የተባለ ሶፍትዌር እንደሚጠቀሙም እውነት ነው። «አንድ ብቻ» የሚለውን ግን አልቀበልም።

ታሪኩን እንይ (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኤስሪ የተመሠረተው በ1969 ነው። በ1982 አርክኢንፎን አወጣ፤ ተጠቃሚው ትእዛዝ በጽሑፍ እያስገባ ነበር የሚሠራበት። ቀጥሎ አርክቪው መጣ፣ ቀጥሎ አርክማፕ። በ2015 ደግሞ አርክጂአይኤስ ፕሮ ወጣ፤ ኋላም ኩባንያው የአርክማፕን ድጋፍ 2026 ላይ እንደሚያቆም አስታወቀ። በየጊዜው የአንዱን ሶፍትዌር በተን በቃሉ ያጠና ሰው አዲሱ ሲመጣ ከሀ ይጀምራል። በሌላ በኩል በ2002 አንድ ሰው የጀመረው ኪውጂአይኤስ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በነጻ የሚሠራበት ሙሉ መሣሪያ ሆኗል። በጀት ያነሰው ድርጅት፣ አነስተኛ አማካሪ ቢሮ፣ የግል ሥራ የጀመረ ባለሙያ ብዙ ጊዜ የሚይዘው እሱን ነው።

በዚህ ሁሉ መሀል ያልተለወጠው መሠረቱ ነው። የኮኦርዲኔት ሥርዓት (ቦታን በቁጥር የመግለጫ መንገድ)፣ ፕሮጀክሽን (ክቧን ምድር በጠፍጣፋ ካርታ ላይ የማሳያ ስልት)፣ አንዱን ሌየር (የመረጃ ንብርብር) በሌላው ላይ ደርቦ መተንተን፣ የዳታ ጥራት። የጂአይኤስ ፈር ቀዳጁ ሮጀር ቶምሊንሰን በ1960ዎቹ የካናዳን የመሬት መረጃ ወደ ኮምፒውተር ሲያስገቡ የተጋፈጧቸው ጥያቄዎች ዛሬም ጠረጴዛችን ላይ ናቸው።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልግባ። ጂአይኤስ አንድ አደገኛ ጠባይ አለው። ስትሳሳቱ ዝም ይላል። ካርታው ይወጣል፣ ቀለሙ ያምራል፣ ሪፖርቱ ውስጥ ይገባል፣ ውሳኔ ይወሰንበታል። ቀይ ምልክት የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም።

ዌብ መርካቶርን ውሰዱ። አብዛኞቹ የኢንተርኔት ካርታዎች የሚሳሉበት ፕሮጀክሽን ነው። ከምድር ወገብ እየራቃችሁ በሄዳችሁ ቁጥር ርቀትን ይለጥጣል። 60 ዲግሪ ላቲቲውድ ላይ ርቀቱ ሁለት እጥፍ፣ የቦታ ስፋቱ ደግሞ አራት እጥፍ ሆኖ ይታያል። እዚያ ያለ ባለሙያ በአንድ ሆስፒታል ዙሪያ የ1000 ሜትር ባፈር (በዙሪያው የሚከለል ክልል) በዚሁ ፕሮጀክሽን ላይ ቢሠራ፣ መሬት ላይ የሚያገኘው 500 ሜትር ገደማ ነው። ስክሪኑ ላይ ግን ያማረ ክብ ይታየዋል። «በ1000 ሜትር ውስጥ ይህን ያህል ቤት አለ» ብሎ አፉን ሞልቶ ይናገራል። ግማሹን ርቀት ነው የቆጠረው።

ሌላም ልጨምር። አንድ ሰው በየአካባቢው የታመሙ ሰዎችን ብዛት በቀለም ይስላል። ብዙ ሕዝብ የሚኖርበት ቦታ ጠቆር ብሎ ይወጣል። ካርታው ያሳየው ሰው የሚበዛበትን ቦታ ነው፤ ስለ በሽታው ገና ምንም አልተናገረም። ቁጥሩ ለነዋሪው ብዛት ሲካፈል ሌላ ካርታ ይወጣል፤ ከሁሉ የጠቆረው ቦታ ምናልባት ማንም ያላሰበው ትንሽ መንደር ይሆናል። ወይም ደግሞ የሁለት ዓመት የሳተላይት ምስል ይነጻጸራል፤ አንዱ በዝናብ ወራት፣ ሌላው በደረቅ ወራት የተነሳ ነው። ሶፍትዌሩ «አረንጓዴው ቀንሷል» ይላል። ደን ተጨፍጭፎ ነው ወይስ ሣሩ ደርቆ? ይህን የሚጠይቀው ሰው ነው።

በተን የሚያስተምር ኮርስ ያማረ ካርታ የሚያወጣ ሰው ያፈራል። ካርታው እውነት መሆኑን ግን ሊያረጋግጥለት አይችልም። «ይህን በየትኛው ፕሮጀክሽን ለካኸው? ለምን ብዛቱን ሳልሽ? ምስሎቹ የየትኛው ወር ናቸው?» ብሎ የሚጠይቅ አስተማሪ ያስፈልጋል። እኔ ገንዘቤን የምከፍለው ለዚህ ጥያቄ ነው። ሶፍትዌሩን ለመልመድ ነጻ ቪዲዮ ሞልቷል።

አንድ ተግባራዊ ነገርም አለ፦ የሶፍትዌሩ የተማሪ ላይሰንስ የሚያልቀው መቼ ነው? ኮርሱ ባለቀ ማግስት የሚዘጋ ከሆነ የሠራችሁትን ፕሮጀክት ራሱ መክፈት ሊያቅታችሁ ይችላል። ቢያንስ አንድ ኮርስ በነጻ ሶፍትዌር የሚሰጥ ፕሮግራም ከዚህ ጣጣ ያድናችኋል።

ስለ አጭሩ ፕሮግራም

እዚህ ላይ ጸሐፊው ለማን እንደሚመክሩ አልለዩም። ጂአይኤስን ለሥራው ማገዣ ብቻ የሚፈልግ ሰው አለ፤ የጤና ባለሙያ፣ ጋዜጠኛ፣ የግብርና ባለሙያ። ለእሱ በጥቂት ሳምንታት የሚያልቅ ኮርስ ልክ ነው። ዓመት ሙሉ መማር ላያስፈልገው ይችላል። ዳታ በትክክል ጭኖ፣ አንብቦ፣ የማያሳስት ካርታ ማውጣት ከቻለ በቂው ነው።

ሙያውን ቀይሮ የጂአይኤስ ተንታኝ ልሁን የሚል ሰው ግን በሳምንታት ኮርስ ተቀጣሪ እሆናለሁ ብሎ ከጠበቀ ላም አለኝ በሰማይ ነው። እሱ መሠረቱን፣ የቦታ ትንተናን፣ ዳታቤዝን፣ ሪሞት ሴንሲንግን (በሳተላይትና በመሳሰሉት ከርቀት መረጃ መሰብሰብን)፣ ካርታ አሠራርንና አንድ ራሱን የቻለ ፕሮጀክት ይፈልጋል። ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። ስለ ፕሮጀክሽን ሳያስተምር በመጀመሪያው ሳምንት ወደ ትንተና የሚዘል ሲላበስ (የኮርስ ዝርዝር ዕቅድ) ካያችሁ ጠርጥሩ።

ክፍል ገብቶ ስለ መማር

ይህን ባጭሩ ልለፈው። ጂአይኤስ የሚሠራው ኮምፒውተር ላይ ነው። ዩኒጂስ የተባለው የዩኒቨርሲቲዎች ጥምረት ከ1990 ጀምሮ በርቀት አስተምሯል። የአሜሪካው ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት የሚሰጠውን የጂአይኤስ ሰርተፊኬት የጀመረው በ1999 ነው። ስለዚህ መንገዱ አዲስም ያልተፈተነም አይደለም። ልዩነቱ የሚመጣው አስተማሪው ለጥያቄያችሁ በስንት ጊዜ ይመልሳል፣ ስክሪናችሁን አይቶ የሚረዳችሁ ሰዓት አለ ወይ፣ ቪዲዮ ብቻ ለቆ ነው የሚጠፋው ከሚለው ላይ ነው። ጸሐፊውን የምደግፋቸው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ የመስክ ልኬት፣ ጂፒኤስ ይዞ መሬት መርገጥ፣ ድሮን ማብረር በአካል ካልተማሩት አይገባም። ሥራችሁ ያ ከሆነ መስክ የሚያወጣችሁን ምረጡ።

ስለ ኮድ

አምስተኛው ምክር ከሁሉ በላይ አሳስቦኛል። ኮዱን ማሽን ይጽፈዋል፤ እናንተ ካርታውን ጠብቁ ይላል። ማሽኑ ኮድ መጻፉ እውነት ነው። ጥሩም ይጽፋል። ግን ቀደም ብዬ ያልኩትን ዝምታ አስታውሱ። ኮድ ላይ ይብሳል።

በዳታቤዝ የሚሠራ ሰው የቦታ መረጃ የሚያስተናግደውን ፖስትጂአይኤስን ያውቀዋል። ከአንድ ትምህርት ቤት በ1000 ሜትር ውስጥ ያሉትን ቤቶች አውጣልኝ ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ዳታው የተቀመጠው በላቲቲውድና በሎንጊቲውድ፣ ማለትም በዲግሪ ከሆነ፣ ተራው የጂኦሜትሪ ዓይነት (ምድርን እንደ ጠፍጣፋ የሚቆጥረው የዳታ ዓይነት) 1000ውን የሚረዳው እንደ 1000 ዲግሪ ነው። ምድር ዙሪያዋን 360 ዲግሪ ናት። ስለዚህ በሠንጠረዡ ውስጥ ያለው ቤት ሁሉ ይመጣል። ኮዱ ያለ ምንም ስህተት ሮጧል። ዳታው የአንድ ከተማ ብቻ ከሆነ ደግሞ «ሁሉም ቤቶች ለትምህርት ቤት ቅርብ ናቸው» የሚል ደስ የሚል ሪፖርት ይወጣል። በዚያ ሪፖርት መሠረት አዲስ ትምህርት ቤት የማይሠራለት ሰፈር ይኖራል።

የኮኦርዲኔት ቅደም ተከተልም እንዲሁ ነው። ሰው ሲናገር ላቲቲውድን ያስቀድማል። ጂኦጄሶን የተባለው የፋይል ዓይነት ግን ሎንጊቲውድን ነው የሚያስቀድመው። ሁለቱ ከተገለባበጡ ነጥቡ ሌላ አገር ወይም ባሕር ውስጥ ይወድቃል። ይህ ቢያንስ በዓይን ይታያል። የዲግሪውና የሜትሩ ግን አይታይም።

ስለዚህ ፕሮግራመር ሁኑ አልልም። የተጻፈውን ኮድ አንብቦ «ይህ ቁጥር በምን መለኪያ ነው?» ማለት የሚችል ሰው ሁኑ እላለሁ። ለዚህ አንድ የፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋ) ኮርስና የኤስኪውኤል (ዳታቤዝን የመጠየቂያ ቋንቋ) መሠረት በብዛት ይበቃል። ሁለቱም የሌሉበት ሰርተፊኬት ለተንታኝነት ጎደሎ ነው። የማሽን እገዛ በበዛ ቁጥር የሚያነብና የሚፈትሽ ሰው ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ስለ ሙያ ምስክርነት

ትምህርት መጨረስና በሙያ መመስከር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጸሐፊው ቀላቅለዋቸዋል። ከዩኒቨርሲቲ የምታገኙት ኮርሶቹን ማለፋችሁን ያሳያል። የሙያ ምስክርነት የሚሰጠው ሌላ አካል ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ የተጀመረው ጂአይኤስፒ የሚባለው ምስክርነት ከ2004 ጀምሮ ይሰጣል። ከ2015 ወዲህ ፈተና ተጨምሮበታል። የአራት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ትምህርትና ለሙያው የተደረገ አስተዋጽኦ ይቆጠራል፣ በየጊዜውም ይታደሳል። ትናንት ኮርስ የጨረሰ ሰው አያገኘውም። የኤስሪ ቴክኒካል ምስክርነት ደግሞ ኩባንያው በራሱ ሶፍትዌር ላይ የሚፈትነው ፈተና ነው።

ሌላ መስመርም አለ። በብዙ አገሮች የመሬት ወሰንን በሕግ ፊት መወሰን የሚችለው ፈቃድ ያለው የመሬት ቀያሽ ብቻ ነው። የጂአይኤስ ሰርተፊኬት ይዞ የሁለት ጎረቤቶችን ድንበር «እዚህ ጋ ነው» ብሎ ካርታ የሚሰጥ ሰው ራሱንም ሰውንም ችግር ውስጥ ይከታል። ይህን ፈቃድ የምትፈልጉ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። ሰርተፊኬት ከመመዝገባችሁ በፊት በምትሠሩበት አገር የሚጠየቀውን አጣሩ።

ጽሑፉ ያልነካው

የመጨረሻው ፕሮጀክት የት ሄደ? የሥራ ማመልከቻ ስገመግም መጀመሪያ የምከፍተው እሱን ነው። የሰርተፊኬቱን ቅጂ የማየው በኋላ ነው።

ብዙ ፕሮግራሞች ተማሪውን የሚያለማምዱት በተዘጋጀ ንጹሕ ዳታ ነው። ሁሉም ሌየር ልክክ ብሎ ይገጥማል። ሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ካርታ ያወጣል። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህ ጥሩ ነው። እስከ መጨረሻው እንዲህ ከሆነ ግን ተማሪው ሥራ ላይ የሚጠብቀውን አላየም። ሥራ ላይ ያለው ዳታ የቦታ ስም በሦስት ዓይነት ፊደል የተጻፈበት ነው። ግማሹ ኮኦርዲኔት በዲግሪና ደቂቃ፣ ግማሹ በዴሲማል ይሆናል። ሼፕፋይሉ (የተለመደው የካርታ ዳታ ፋይል) ይመጣል፣ ፕሮጀክሽኑን የሚናገረው ፋይል አብሮት የለም። የሼፕፋይል የዓምድ ስም ከ10 ፊደል ስለማይበልጥ ረጃጅሞቹ ስሞች ተቆርጠው የቱ የቱ እንደሆነ ይጠፋል። ይህን ያላጸዳ ሰው ትንተና ላይ አይደርስም።

የራስን ዳታ ማግኘት ዛሬ አስቸጋሪ አይደለም። ላንድሳት ሳተላይቶች ከ1972 ጀምሮ ምድርን ሲያነሱ ኖረዋል፤ ክምችታቸው ከ2008 ወዲህ በነጻ ይወርዳል። ሴንቲኔል-2 የተባለው የሳተላይት ፕሮግራም ከ2015 ጀምሮ እስከ 10 ሜትር ድረስ የሚለይ ምስል በነጻ ይሰጣል። በ2004 የተጀመረው ነጻ ካርታ፣ ኦፕን ስትሪት ማፕ፣ መንገድና ሕንፃ አለው። እናንተ ደግሞ የመሥሪያ ቤታችሁን ጥያቄ ታውቃላችሁ። የትኛው የውሃ መስመር ቶሎ ቶሎ ይበላሻል? የትኛው መንደር ከጤና ጣቢያ ይርቃል? ራሳችሁ ጥያቄ ይዛችሁ እንድትመጡ የሚፈቅድ፣ ከዚያም አልፎ የሚያስገድድ ፕሮግራም ከተገኘ እሱን ያዙ። ስትመረቁ ለቀጣሪ የምታሳዩት ሥራ ይኖራችኋል፤ ዳታውን ከየት እንዳመጣችሁት፣ ምን እንዳጸዳችሁ፣ ለምን ያንን ፕሮጀክሽን እንደመረጣችሁ፣ ውጤቱ የት ላይ እንደሚደክም ጭምር የተጻፈበት። እኔ ያን የመጨረሻውን አንቀጽ በጣም ነው የምፈልገው። የሥራውን ድካም ራሱ የጻፈ አመልካች ሲገጥመኝ፣ ያረመው ሰው እንደነበረ ይገባኛል።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ለፕሮግራሙ አስተባባሪ ጻፉ። የአንድ ኮርስ ሙሉ ሲላበስ ይላክልኝ በሉ፤ መቼ እንደተሻሻለም እዩ። ዛሬም አርክማፕን እንደ ዋና መሣሪያ የሚጠራ ከሆነ የምታዩት የቆየ ትምህርት ነው። አንድ አስተማሪ ስንት ተማሪ እንደሚይዝ ጠይቁ። የታረመ ሥራ በስንት ቀን እንደሚመለስ፣ አስተካክሎ ደግሞ ማስገባት ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ። ከዚያ የቀድሞ ተማሪዎች ሁለት ሦስት ፕሮጀክት አሳዩኝ በሉ። ፕሮጀክቶቹ በአንድ ርዕስና በአንድ ዳታ ላይ የተሠሩ ከሆኑ፣ ወይም «አናሳይም» የሚል መልስ ከመጣ፣ ዩኒቨርሲቲው የቱንም ያህል ቢገንን እኔ አልመዘገብም።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የሚያሻሽሉ ከሆነ እነዚህን ጥያቄዎች ከስድስቱ ምክሮች በፊት እንዲያስቀምጧቸው በአክብሮት እጠይቃለሁ።